ለዘመነኛ ፎቶግራፍ ውድድር ሥራን አዘጋጅቶ የማቅረብ መመሪያ

ለፎቶግራፍ ውድድር ከሚላኩት ሥራዎች መካከል ብዙዎቹን የሚጥላቸው ከፎቶ ማንሣቱ በኋላ ያለው ሥራ ነው፤ አመራረጡ፣ አደራደሩ፣ አብሮ የሚላከው ጽሑፍና የፋይሉ አዘገጃጀት። ይህንን የተረዳሁት በሁለት በኩል ነው፤ ለዓመታት ሥራዬን ወደ ውድድሮች እየላክሁ ቆይቻለሁ፤ ኋላም ጥቂት ጊዜ ከዳኞች ጋር ተቀምጬ የሌሎችን ሥራ የማየት ዕድል አግኝቻለሁ። ወራት የፈጀ ድካም በአንድ ሰዓት ጥድፊያ በተሞላ ማመልከቻ ሲበላሽ ማየት በጣም ያሳዝናል። ስለዚህ እዚህ ላይ ስለ ካሜራና ስለ ሌንስ አልናገርም። ፎቶዎቹ ተነሥተው ካለቁበት ጊዜ ጀምሮ የማመልከቻው ማረጋገጫ እጅ እስኪገባ ድረስ፣ ከዚያም ጥቂት አለፍ ብሎ ያለውን ሥራ በቅደም ተከተሉ አስረዳለሁ።

በቅድሚያ «ዘመነኛ» የሚለው ቃል በውድድር ማስታወቂያ ላይ ሲጻፍ ምን እንደሚፈልግ መረዳት ያስፈልጋል። ፎቶው በቅርብ ዓመት የተነሣ መሆኑ ብቻውን አይበቃም። ዘመነኛ የሚባለው ፎቶግራፍ፣ ፎቶ አንሺው አንድን ጉዳይ ወይም አንድን ጥያቄ ራሱ መርጦ፣ ለዚያ ጉዳይ የሚስማማውን አሠራር ራሱ ወስኖ የሚሠራው ሥራ ነው። አንዱ እውነተኛ ሕይወትን በትዕግሥት ይከታተላል፤ ሌላው ትዕይንቱን አሰናድቶ ያነሣል፤ ሌላው ደግሞ የድሮ የቤተሰብ ፎቶዎችን ቆራርጦና አገጣጥሞ አዲስ ነገር ይሠራል። ሦስቱም ተቀባይነት አላቸው። ዳኞቹ በልባቸው የሚይዙት ጥያቄ ግን ለሁሉም አንድ ነው፤ ይህ ሰው ይህንን ሥራ ለምን ሠራው፣ ለምንስ በዚህ መንገድ ሠራው? የማመልከቻዎ እያንዳንዱ ክፍል ለዚህ ጥያቄ መልስ እንዲሆን አድርገው ያዘጋጁት።

1. ውድድሩን መምረጥ

ውድድሮች ሥራን የሚቀበሉበት መንገድ የተለያየ ነው። አንዳንዶቹ ነጠላ ፎቶ፣ አንዳንዶቹ የተወሰነ ቁጥር ያለው ተከታታይ ሥራ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ለዓመታት የተሠራ የረጅም ጊዜ ፕሮጀክት ይቀበላሉ። ለምሳሌ በሶኒ ወርልድ ፎቶግራፊ አዋርድስ ለሁሉም ክፍት በሆነው ምድብ የሚወዳደረው ነጠላ ፎቶ ሲሆን፣ በባለሙያዎች ምድብ ግን ከ5 እስከ 10 ፎቶዎች ያሉት ተከታታይ ሥራ ይጠየቃል። እ.ኤ.አ. በ1955 የተጀመረውና መቀመጫው አምስተርዳም የሆነው ወርልድ ፕሬስ ፎቶ የሚቀበለው የዜና አውታር ባለሙያዎችንና የዶክመንተሪ ፎቶ አንሺዎችን ሥራ ነው። ሁለቱም የመግቢያ ክፍያ አይጠይቁም።

በማመልከቻ የማይገባባቸው ትልልቅ ሽልማቶችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 የተመሠረተው ፕሪ ፒክቴ እና በለንደኑ የፎቶግራፈርስ ጋለሪ የሚቀርበው የዶይቸ ቦርስ የፎቶግራፍ ሽልማት በጥቆማ ብቻ የሚካሄዱ ናቸው፤ ፎቶ አንሺው ራሱን ማስመዝገብ አይችልም። ለእነዚህ የሚያበቃው መንገድ ሥራን በኤግዚቢሽንና በፎቶ መጽሐፍ አማካይነት በመስኩ ሰዎች ዘንድ ማሳወቅ ስለሆነ፣ የማመልከቻ ቅጻቸውን ፍለጋ ጊዜ አያባክኑ።

ክፍያን በተመለከተ፣ በእያንዳንዱ ፎቶ ወይም በእያንዳንዱ ተከታታይ ሥራ የሚያስከፍሉ ውድድሮች ብዙ ናቸው። ክፍያ መጠየቃቸው ብቻውን የማጭበርበር ምልክት አይደለም፤ ዳኞችን ማሰባሰብና ኤግዚቢሽን ማዘጋጀት ገንዘብ ይፈልጋል። ከመክፈልዎ በፊት ግን የዳኞቹን ስም ይፈልጉ፤ ስማቸው ካልተገለጸ ወይም በመስኩ የሚታይ ሥራ ከሌላቸው ይተዉት። ያለፉት ዓመታት አሸናፊዎች ሥራ በግልጽ የሚታይበት ቦታ መኖሩንም ያረጋግጡ። በተለይ ሊጠነቀቁት የሚገባው፣ ለላከው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል «የክብር ስም ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል» የሚል መልእክት እየላከ፣ ከዚያ የምስክር ወረቀቱን፣ ዋንጫውን ወይም የኤግዚቢሽኑን ቦታ በገንዘብ እንዲገዙ የሚጠይቅ አዘጋጅ ነው። ገቢውን የሚያገኘው ከተወዳዳሪዎቹ ደስታ ስለሆነ፣ የሚሰጠው ክብር በመስኩ ሰዎች ዘንድ ቦታ የለውም።

ውድድሩ የታመነ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ የ3 ዓመት አሸናፊዎችን በጥሞና ይመልከቱ። ዓላማው እነርሱን መምሰል አይደለም፤ ዳኞች ያንኑ ዓይነት ሥራ ደግመው ሲያዩ ይሰለቻሉ። የእርስዎ ሥራ የሚናገርበት ቋንቋ በዚያ ቤት የሚደመጥ መሆን አለመሆኑን ለመለየት ነው። ዝምተኛና ዘገምተኛ ሥራ ይዘው፣ በየዓመቱ ድንገተኛ ቅጽበትን ብቻ ወደሚሸልም ውድድር መሄድ ክፍያንም ጊዜንም ማባከን ነው። እኔ በዓመት ከ4 ውድድሮች በላይ አልገባም፤ ከዚያ ሲበዛ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ትጋት መስጠት አልቻልኩም።

2. ደንቡን እስከ መጨረሻው ማንበብ

ደንቡን በወረቀት አትመው እርሳስ ይዘው ያንብቡ። በስልክ ላይ የተነበበ ደንብ ግማሹ ይዘለላል። ፎቶዎቹ መነሣት ያለባቸው ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን ድረስ እንደሆነ፣ ቀድሞ የታተመ ወይም በሌላ ቦታ የተሸለመ ሥራ ይፈቀድ እንደሆነ፣ የዕድሜ፣ የዜግነት ወይም የሙያ ገደብ ካለ፣ የፎቶዎቹ ብዛት ስንት እንደሆነ፣ የጽሑፉ ርዝመት በቃላት ይሁን በፊደላት ብዛት እንደሚቆጠር፣ እነዚህን ሁሉ ያስምሩባቸው።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የቅጂ መብትን የሚመለከተው አንቀጽ ነው። ጤናማ የሆነ ደንብ የቅጂ መብቱ የፎቶ አንሺው ሆኖ እንደሚቀጥል በግልጽ ይናገራል፤ አዘጋጁ የሚጠይቀውም ፎቶውን ውድድሩን ለማስተዋወቅ፣ በኤግዚቢሽኑና በካታሎጉ ውስጥ ለማሳየት፣ የፎቶ አንሺውን ስም እየጠቀሰ፣ ለተወሰነ ዓመት የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ነው። አደገኛው ደንብ በአንጻሩ «ለማንኛውም ዓላማ»፣ «ለዘለዓለም»፣ «ለሦስተኛ ወገን የማስተላለፍ መብትን ጨምሮ» የሚሉ ሐረጎችን ይይዛል። ይህ ማለት ፎቶዎ ነገ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢወጣ ወይም ለሌላ ድርጅት ቢሸጥ የሚጠይቁት ነገር የለም ማለት ነው። ፈቃዱ የሚመለከተው አሸናፊዎችን ብቻ ነው ወይስ የተላኩትን ሥራዎች በሙሉ? ይህ ሌላው ሊታይ የሚገባው ነጥብ ነው። ያልተሸለመውን ሰው ሥራ ጭምር ያለ ክፍያ የሚወስድ ውድድር፣ ዋና ዓላማው ርካሽ የፎቶ ክምችት ማግኘት እንደሆነ ይጠርጥሩ። እንዲህ ዓይነት አንቀጽ ካገኙ፣ ሽልማቱ ምንም ያህል ቢያጓጓ፣ እዚያው ላይ ያቁሙ።

3. ፎቶዎቹን መምረጥ

የዚህ መመሪያ ልብ ይህ ክፍል ነው። ዳኞች ሥራውን የሚያዩበትን ሁኔታ አስቀድሞ ማወቅ እዚህ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2024 ለወርልድ ፕሬስ ፎቶ ውድድር ከ3,800 በላይ ፎቶ አንሺዎች ከ60,000 በላይ ምስሎች አቅርበው ነበር። ብዛት ያለው ሥራ በሚቀርብበት በማንኛውም ውድድር የመጀመሪያው ዙር በጣም ፈጣን ነው፤ አንድ ሥራ በስክሪን ላይ የሚቆየው ሴኮንዶች ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ዳኛውም የሚወስነው ይለፍ ወይም አይለፍ ብሎ ነው። በቀጣዮቹ ዙሮች ግን ሁኔታው ይለወጣል፤ ዳኞች ተቀምጠው ይከራከራሉ፣ ጽሑፉን ያነባሉ፣ ደካማዋን ፎቶ ይፈልጋሉ። ስለዚህ የሚልኩት ስብስብ በጨረፍታ ሲታይ ዓይን የሚይዝ፣ ለረጅም ጊዜ ሲታይም ጥያቄን የሚቋቋም መሆን አለበት።

በተግባር እንዲህ ያድርጉ። በመጀመሪያ ለሥራው ይሆናሉ ብለው የሚያስቧቸውን ከ40 እስከ 60 ፎቶዎች ለይተው በ10 በ15 ሳንቲ ሜትር ወረቀት ያሳትሙ። ውድ ኅትመት አያስፈልግም። በሰፊ ወለል ወይም ጠረጴዛ ላይ ሁሉንም ዘርግተው ከላይ ሆነው ይመልከቷቸው። በኮምፒውተር ላይ ፎቶዎች አንድ በአንድ ስለሚታዩ እያንዳንዱ ለብቻው ያምራል፤ ወለል ላይ ሲዘረጉ ግን የትኞቹ አንድ ዓይነት ነገር እንደሚደጋግሙ ወዲያው ይታያል። ተመሳሳይ ነገር የሚናገሩትን ሁለት ወይም ሦስት ፎቶዎች አጠገብ ለአጠገብ አድርገው አንዱን ብቻ ያስቀሩ። በዚህ መንገድ ወደ 20 ያውርዷቸው፤ ከዚያም ቢያንስ ለ3 ቀን ይተዉአቸውና ተመልሰው ይዩአቸው።

የራሴን ገጠመኝ ልንገርዎ። በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ለ2 ዓመት ያነሣኋቸውን ፎቶዎች ለውድድር ሳዘጋጅ ከሁሉ የምወዳት አንዲት ፎቶ ነበረችኝ፤ በመስኮቱ የገባው ብርሃን እንደ ምሰሶ ቆሞ፣ የመጋዝ ብናኝ በውስጡ እየተንሳፈፈ፣ ሽማግሌው አናጢ ከብርሃኑ ግማሽ ፊቱን ብቻ አውጥቶ የሚታይባት። ያያት ሁሉ ያደነቃት ፎቶ ናት። አንዲት የሙያ ባልደረባዬ ወለሉ ላይ የተዘረጉትን 10 ፎቶዎች ለረጅም ጊዜ ካየች በኋላ ጣቷን በዚያች ፎቶ ላይ አሳርፋ «ይቺ ስለ ብርሃን ናት፤ ሌሎቹ ስለ ሰውየው ናቸው» አለችኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ ተከራከርኳት። በመጨረሻ አውጥቼ በቦታዋ የግድግዳውን ፎቶ አስገባሁ፤ የእያንዳንዱ መሣሪያ ቅርጽ በእርሳስ የተሣለበት፣ መዶሻው፣ መሮው፣ መጋዙ በየቅርጹ ላይ የተሰቀለበት፣ አንዱ ቅርጽ ብቻ ባዶ የሆነበት ግድግዳ። ይህችን ፎቶ ለብቻዋ ማንም አያደንቃትም። ሌሎቹ 9 ፎቶዎች ግን በእርሷ ምክንያት ስለ አንድ ነገር መናገር ጀመሩ፤ ለዕጩነት የበቃውም በዚያ መልኩ የቀረበው ሥራ ነበር።

ከዚህ የተረፈኝ አሠራር የሚከተለው ነው። የመጨረሻውን ምርጫ ከማጽናትዎ በፊት ሥራውን ለማያውቅ አንድ ሰው ያሳዩት፤ ነገር ግን «ወደድከው?» ብለው አይጠይቁት፤ ወዳጅ ሁሉ አዎን ይላል። «ይህ ሥራ ስለ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁት፤ ሲመልስም አያቋርጡት፣ አያስረዱት። መልሱ ከሐሳብዎ በጣም ከራቀ ምርጫው ገና አላለቀም። ከዚያ «አንዷን አውጣ ብትባል የትኛዋን ታወጣለህ?» ይበሉት። ሁለትና ሦስት ሰዎች ያንኑ ፎቶ ካወጡ፣ የቱንም ያህል ቢወዷት ትውጣ። ደንቡ «እስከ 10 ፎቶ» ካለ 10 መሙላት ግዴታ አይደለም፤ 8 ጠንካራ ፎቶዎች ከ8 ጠንካራና ከ2 ደካማ ይሻላሉ፤ ዳኞች ሥራውን የሚመዝኑት በደካማዋ ፎቶ ነውና።

4. ቅደም ተከተል

ፎቶዎቹ ከተመረጡ በኋላ የሚደረደሩበት ሥርዓት ትርጉማቸውን ይለውጣል። በተነሡበት ቀን መደርደር ቀላል ቢሆንም አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን ያደነዝዘዋል። የመጀመሪያዋ ፎቶ ተመልካቹን ወደ ሥራው የምታስገባ እንጂ ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ የምትናገር መሆን የለባትም፤ የመጨረሻዋም ከማስረዳት ይልቅ ተመልካቹ ጥቂት እንዲቆይ የምታደርግ ብትሆን ይመረጣል። በመካከሉ ርቀትን ይለዋውጡ፤ ሦስት የፊት ምስሎች ተከታትለው ከመጡ ሦስተኛው አይታይም። ሰፊ እይታ፣ ከዚያ ቅርብ ዕቃ፣ ከዚያ ሰው እያለ ሲሄድ ዓይን ያርፋል። በወለሉ ላይ እያፈራረቁ ይሞክሩ፤ የእያንዳንዱን ሙከራ ፎቶ በስልክዎ አንሥተው ያስቀምጡ፤ ከአራተኛው ሙከራ በኋላ የመጀመሪያው እንዴት እንደነበር መርሳት የተለመደ ነው።

ብዙ ዳኞች ተከታታይ ሥራውን መጀመሪያ የሚያዩት በትንንሹ፣ ሁሉም በአንድ ገጽ ተሰብስቦ ነው። ስለዚህ የመጨረሻውን ድርድር በኮምፒውተር ላይ በአውራ ጣት ስፋት አሳንሰው ይመልከቱት። አንዷ ፎቶ በቀለሟ ወይም በድምቀቷ ከሌሎቹ ተለይታ የምትጮህ ከሆነ፣ እርማቱን ያስተካክሉ ወይም ቦታዋን ይቀይሩ።

5. እርማትና ሐቀኝነት

በዶክመንተሪና በዜና ውድድሮች ብርሃንን፣ የቀለም ሚዛንንና ጥላን በመጠኑ ማስተካከል፣ ጠርዝን መከርከምም ይፈቀዳል፤ ነገርን መጨመር ወይም ማጥፋት ግን ፈጽሞ አይፈቀድም። ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ሕግ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 በወርልድ ፕሬስ ፎቶ ከመጨረሻው ዙር በፊት ወደነበረው ዙር ካለፉት ሥራዎች 20 በመቶ ያህሉ ከልክ ባለፈ እርማት ምክንያት ተሰርዘዋል፤ በዚያው ዓመት አንድ የተሸለመ ተከታታይ ሥራም አንዲቱ ፎቶ ከተገለጸው ከተማ ውጭ የተነሣች ሆና በመገኘቷ ሽልማቱን ተነጥቋል። በዱር እንስሳት ፎቶግራፍ ታዋቂ በሆነው የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውድድር የ2009 አሸናፊ የነበረው የተኩላ ፎቶ፣ እንስሳው የሠለጠነ ሳይሆን አይቀርም ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2010 ተሰርዟል። ልብ ይበሉ፤ በሁለቱ የተሸለሙ ሥራዎች ላይ የታየው ጥፋት የሶፍትዌር አልነበረም፤ ስለ ፎቶው የተነገረው ነገር እውነት ባለመሆኑ ነው።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚፈጠሩ ምስሎች ጉዳይ ደግሞ ብዙ ውድድሮችን ደንባቸውን እንዲያሻሽሉ አስገድዷል። እ.ኤ.አ. በ2023 ጀርመናዊው ቦሪስ ኤልዳግሰን በሶኒ ውድድር በክፍት ምድቡ የፈጠራ ዘርፍ አሸናፊ ከሆነ በኋላ፣ ምስሉ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ መሆኑን ገልጾ ሽልማቱን እንደማይቀበል አስታውቋል። አሁን ብዙ ደንቦች ጉዳዩን በግልጽ የሚመለከት አንቀጽ አላቸው፤ አንዳንዶቹ ሙሉ ምስል መፍጠርን ብቻ ሳይሆን ባዶ ቦታን የሚሞሉና የፋይልን መጠን የሚያሳድጉ መሣሪያዎችን ጭምር ይከለክላሉ። የማረሚያ ፕሮግራምዎ እነዚህን በአንድ ቁልፍ የሚያቀርብ ስለሆነ የትኛውን እንደተጠቀሙ ማስታወሻ ይያዙ።

ለኪነ ጥበብ የሚያደሉ ዘመነኛ ውድድሮች የተሰናዳ ትዕይንትን፣ ቁርጥራጭ ማገጣጠምንና ሌላም ብዙ ነገር ይፈቅዳሉ። ያን ጊዜም ቢሆን አሠራሩን በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ ይናገሩ፤ ግልጽ የተደረገ ፈጠራ ሥራውን አይጎዳውም፤ በኋላ የተደረሰበት ግን ይጎዳዋል።

6. ፋይሉን ማዘጋጀት

ይህ ክፍል አሰልቺ ቢመስልም አንድ ጊዜ ከተለመደ ከግማሽ ቀን በላይ አይፈጅም። ዋናውን ፋይል አይንኩት፤ ለውድድሩ የሚሆን ቅጂ በሌላ አቃፊ ውስጥ ያዘጋጁ። ደንቡ «ረጅሙ ጎን 3,000 ፒክሰል» ካለ፣ 6,000 በ4,000 የነበረው ፎቶ ወደ 3,000 በ2,000 ይወርዳል። ካሳነሱ በኋላ የምስሉ መስመሮች ጥርት እንዲሉ በጥቂቱ ያስሉት፤ ማሳነስ ጥራትን በመጠኑ ያለሰልሳል። ጄፔግ ሲያስቀምጡ ከመቶ 85 እስከ 90 ያለው ጥራት በቂ ነው፤ የፋይሉ ክብደት ከተፈቀደው ሜጋባይት ካለፈ ጥራቱን ደረጃ በደረጃ ይቀንሱ እንጂ የፒክሰሉን መጠን አይንኩ።

የቀለም ሥርዓቱን ኤስአርጂቢ (sRGB) ያድርጉት። በዚህ ነጥብ የአንድ ዓመት ሙሉ ሥራ ከስሮብኛል። ፎቶዎቹን ለኅትመት በለመድኩት በሌላው የቀለም ሥርዓት፣ በአዶቤ አርጂቢ (Adobe RGB) አስቀምጬ ላክሁ፤ ከላክሁ በኋላ የማሳያ ገጹን ስከፍት ደማቅ ቀይ የነበረው ቀሚስ የደረቀ ጡብ መስሎ፣ የሰዎቹም ቆዳ አመድ ለብሶ አገኘሁት። ጊዜው አልፎ ስለነበር ማስተካከል አልተቻለም። ኤስአርጂቢ ግን በየትኛውም ስክሪን ላይ የሚታመን ነው።

ሰዎችን በብዛት የሚያደናግረው «300 ዲፒአይ» (በአንድ ኢንች ውስጥ የሚታተሙ ነጥቦች ብዛት) የሚለው ቁጥር ነው። በስክሪን ለሚታይ ፋይል ይህ ቁጥር ምንም አይለውጥም፤ ዋናው የፒክሰል ብዛት ነው። ለኅትመት ሲሆን ግን ስሌቱን ይወቁት፤ 30 በ45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኅትመት በ300 ዲፒአይ 3,543 በ5,315 ፒክሰል ይፈልጋል። 24 ሜጋፒክሰል ካሜራ ይህን በሚገባ ያሟላል፤ ፎቶውን ግማሽ በግማሽ ከከረከሙት ግን አያሟላም። ለኤግዚቢሽን ቢመረጥ ምን ያህል ስፋት እንደሚችል ከወዲሁ አውቆ መቀመጥ ከኀፍረት ያድናል።

ዳኝነቱ ስም ሳይታወቅ የሚካሄድ ከሆነ በፎቶው ላይ ስምዎን ወይም ምልክትዎን አያስቀምጡ፤ በፋይሉ ስም ውስጥም አይጻፉት። የፋይል ስም በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ ይሁን፤ በግእዝ ፊደል የተጻፈ ስም በአንዳንድ ቅጾች ላይ ስለሚበላሽ። ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባ ቁጥሩን 01፣ 02፣ 03 እያሉ ይጀምሩ።

7. ርዕስ፣ መግለጫና የየፎቶው ማብራሪያ

ብዙ ጥሩ ፎቶ አንሺዎች እዚህ ላይ ይሰናከላሉ፤ ጽሑፍ የሚጠይቃቸውን ከባድና ባዶ ቃላት መደርደር ይመስላቸዋልና። እንዲህ የሚል መግለጫ ብዙ ጊዜ አንብቤአለሁ፤ «ይህ ሥራ የሰው ልጅን ማንነት፣ ትዝታና የጊዜን ኃያልነት ይዳስሳል።» ይህ ዐረፍተ ነገር በማንኛውም ፎቶ ሥር ቢቀመጥ ይሠራል፤ ስለዚህም ለየትኛውም አይሠራም። ከዚህ ጋር ያስተያዩት፤ «እናቴ ከሞተች በኋላ ባሉት 14 ወራት፣ በቤቷ የቀሩትን ዕቃዎች አንዱንም ከቦታው ሳላነሣ፣ እሑድ እሑድ ጠዋት በመስኮቱ ብርሃን ብቻ አንሥቻቸዋለሁ።» ትዝታ የሚል ቃል የለበትም፤ ዳኛው ግን ማን፣ ምን፣ መቼ፣ እንዴት የሚለውን ሁሉ አውቆ ወደ ፎቶዎቹ ይመለሳል። በተጨባጩ ነገር ይጀምሩ፤ ከዚያ ለምን ወደዚህ ጉዳይ እንደቀረቡና ለምን ይህን አሠራር እንደመረጡ በሁለት ወይም በሦስት ዐረፍተ ነገር ይጨምሩ፤ ከዚያ ያቁሙ። 150 ቃል ከተፈቀደ 130 ይበቃል።

ማመልከቻው በሌላ ቋንቋ የሚቀርብ ከሆነ፣ መጀመሪያ በሚያስቡበት ቋንቋ ጽፈው ይጨርሱ፤ ከዚያ ቋንቋውን አሳምሮ የሚያውቅ ሰው ያስተርጉሙት ወይም ያሳርሙት። በማያዝዙት ቋንቋ የተጻፈ ሐሳብ የጸሐፊውን ሳይሆን የቋንቋውን ዝግጁ ሐረጎች ይዞ ይወጣል።

የየፎቶው ማብራሪያ ሌላ ሥራ ነው፤ በምስሉ ላይ ማን እንደሚታይ፣ ምን እያደረገ እንደሆነ፣ የትና መቼ እንደተነሣ ይናገራል። የሚታየውን ስሜት አይግለጹ፤ ፎቶው ያን ማድረግ ካልቻለ ጽሑፉ አያድነውም። ርዕሱም አጭርና ከሥራው የወጣ ይሁን። የሕይወት ታሪክዎን በሦስተኛ መደብ ከ80 እስከ 100 ቃል አድርገው ያዘጋጁ።

8. የተነሡት ሰዎች ፈቃድ

ፊታቸው በግልጽ የሚታይ ሰዎች ካሉ፣ ሥራው በውድድርና በኤግዚቢሽን ሊታይ እንደሚችል በሚገባቸው ቋንቋ ነግረው ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ይያዙ። ለሕፃናት የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፊርማ ያስፈልጋል። ብዙ ውድድሮች ይህን ሰነድ የሚጠይቁት ሥራው ከተመረጠ በኋላ ስለሆነ፣ ያን ጊዜ ሰውየውን ፍለጋ መሯሯጥ እንዳይመጣ አስቀድመው ይጨርሱት። ፈቃድ ቢኖርም፣ በመከራ ላይ ያለ ሰው በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሆኖ መታየቱ ነገ የሚጎዳው ከሆነ ፎቶዋን ከስብስቡ ያውጧት። ሥራው በዚህ ምክንያት ቢዳከም እንኳ ይዳከም።

9. መላክ

የመዝጊያ ሰዓቱ በየትኛው የሰዓት ቀጠና እንደሚቆጠር ያረጋግጡ፤ ደንቡ «23፡59» ብሎ ቢጽፍ ብዙ ጊዜ የአዘጋጁ አገር ሰዓት እንጂ የእርስዎ አይደለም። በመጨረሻዎቹ ሰዓታት ገጹ ስለሚጨናነቅ ከ3 ቀን በፊት ይላኩ። ዓለም አቀፍ ክፍያ የሚያስፈልግ ከሆነ የሚከፍሉበት ካርድ የሚሠራ መሆኑን ከሳምንት በፊት ይሞክሩ። ፎቶዎቹን ከጫኑ በኋላ «ላክ» የሚለውን ከመጫንዎ በፊት የማሳያ ገጹን ከፍተው እያንዳንዷን ፎቶ፣ ቅደም ተከተሏንና ከሥሯ ያለውን ማብራሪያ ይዩ፤ የአንዱ ማብራሪያ በሌላው ሥር መግባት በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። ጽሑፉን ከቅጹ ላይ በቀጥታ አይጻፉ፤ ገጹ ቢዘጋ ሁሉም ይጠፋል። በሌላ ፋይል ጽፈው ገልብጠው ያስገቡት።

ከተላከ በኋላ የሚመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር፣ የክፍያውን ደረሰኝና በዚያ ቀን የነበረውን ደንብ ቅጂ በአንድ አቃፊ ያስቀምጡ። ደንቦች በመካከሉ የሚለወጡበት ጊዜ አለ።

10. ከላኩ በኋላ

ሥራዎ ካልተመረጠ አብዛኞቹ አዘጋጆች ምክንያቱን አይነግሩም፤ ያንኑ ሥራ ሌሎች ዳኞች በሌላ ዓመት ሊመርጡት ስለሚችሉ በአንድ ውጤት ተነሥተው ስብስቡን አያፍርሱት። የት እንደላኩ፣ በየትኛው ድርድር፣ በየትኛው ጽሑፍና በምን ውጤት እንደሆነ በአንድ ሰንጠረዥ ይመዝግቡ። ያው ስብስብ በሦስት የተለያዩ ውድድሮች በመጀመሪያው ዙር ከቀረ፣ ወደ ሦስተኛው ክፍል ተመልሰው ፎቶዎቹን እንደገና ወለል ላይ ይዘርጉ።

ለዕጩነት ከበቃ ግን ነገሩ በፍጥነት ይሄዳል። አዘጋጁ ዋናውን የሮው ፋይል (ካሜራው ያስቀመጠውን ያልታረመ ፋይል)፣ ከተመረጠችው ፎቶ በፊትና በኋላ የተነሡትን ፎቶዎች፣ ለኅትመት የሚሆን ትልቅ ፋይልና የፈቃድ ሰነዶችን በጥቂት ቀናት ውስጥ እንዲልኩ ሊጠይቅ ይችላል፤ በተባለው ጊዜ ካልደረሰ ሥራው ይወጣል። ስለዚህ ማመልከቻውን በላኩበት ዕለት፣ የተላኩትን ፎቶዎች ዋና ፋይሎች ከጎረቤት ፎቶዎቻቸው ጋር በውድድሩ ስም በተሰየመ አቃፊ ሰብስበው በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ላይ ያስቀምጡ፤ አንደኛው ዲስክ ኮምፒውተርዎ ካለበት ቤት ውጭ ይሁን።